ጅማ ላይ ለባለሀብትና ለታዋቂ ሰው ትዳር አገናኛለሁ፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ

አዌቱ ዳር (የውይይቱን ክር የከፈተች)

ሰላም ናችሁ። ባለፈው ሳምንት አንዱ እዚህ «የትዳር ደላላና የቤት ደላላ አንድ ነው፣ ሁለቱም ያላዩትን ይሸጣሉ» ብሎ ጽፎ ነበር። መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ማታ ስተኛ ተናደድኩ። ስለዚህ ራሴ መጣሁ።

ጅማ ተወልጄ ጅማ ያደግኩ ነኝ። 19 ዓመት ፀጉር ቤት ነበረኝ፣ በተለይ ሙሽራ ነበር የማዘጋጀው። ፀጉር ቤት የማይሰማ ነገር የለም። ካስክ ውስጥ የገባች ሴት ለራሷ ስለማይሰማት ጮክ ብላ ነው የምታወራው፣ የባሏን ዕዳ ሳይቀር። እናቶች ደግሞ ጥፍራቸው እስኪደርቅ «አንቺ ስንቱን ታውቂ የለ፣ ለልጄ አንዲት ጨዋ ፈልጊለት እንጂ» ይሉኛል። ለዓመታት በነጻ ሠራሁት። አንድ ቀን አንድ ቡና አቅራቢ፣ ልጁን ካጋባሁለት በኋላ፣ «ለታክሲ ይሁንሽ» ብሎ ፖስታ ሰጠኝ። ቤት ገብቼ ስከፍተው የፀጉር ቤቴ የሦስት ወር ኪራይ ነው። ሥራ መሆኑ ያን ቀን ገባኝ።

አሁን ፀጉር ቤቱን ለእህቴ ልጅ ለቅቄላታለሁ። የማገናኘው ገንዘብ ወይም ስም ያለውን ሰው ነው። ቡና አቅራቢና ላኪ፣ የራሱ ክሊኒክ ያለው ሐኪም፣ ኳስ ተጫዋች፣ ከውጭ ለአንድ ወር የሚመጣ። አንድ ዘፋኝም ነበር፣ እሱን ተዉት። ስም አልጠራም። ለመገመትም አትድከሙ፣ ዝርዝሩን እያቀያየርኩ ነው የምጽፈው።

ሥራው ከቡና ጋር ነው የሚሄደው። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ለቀማ ስለሆነ ማንም ስልክ አያነሳም፣ ሁሉም ማጠቢያ ጣቢያው ነው የሚያድረው። ጥር ሲገባ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። ክርስቲያኑ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ይላል፣ ሙስሊሙ ረመዳን ይለፍና ይላል። 2017 የካቲት ላይ፣ ኒውዮርክ የቡና ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር ያለፈ ጊዜ፣ ሚስት የሞተችበት ሽማግሌ ሁሉ ትዳር አማረው።

በሉ እንግዲህ።

የአጋሮ ልጅ

እትዬ ከሁሉ በፊት ዋናው ጥያቄ፣ ስንት ነው የሚያስከፍሉት? እኔ እንኳን ሀብታም አይደለሁም፣ አንድ ባጃጅ ነው ያለኝ። ለማወቅ ያህል ነው።

አዌቱ ዳር

ባጃጅህ የራስህ ከሆነች ከብዙዎቹ ትሻላለህ የኔ ልጅ። የአንዳንዱ ቪኤይት የባንክ ነው።

ቁጥሩን አልናገርም፣ ነገ ሁሉም ሊከራከረኝ ነው። አከፋፈሉን ግን ልንገርህ። መጀመሪያ ቀብድ ነው፣ ሰው ተገኘም አልተገኘም የልፋቴ ነው። ቀሪው ሽማግሌ የተላከ ቀን ይከፈላል። ከጥሎሹ ወይም ከመህሩ በመቶኛ አልወስድም። የሚወስዱ አሉ። በመቶኛ የሚወስድ ሰው መህሩ ከፍ እንዲል ይፈልጋል፣ ከፍ እንዲል ደግሞ ሰውየውን ከሆነው በላይ አግንኖ ማውራት አለበት። ውሸቱ እዚያ ላይ ነው የሚጀምረው። ከሴቷ ወገን አምስት ሳንቲም ተቀብዬ አላውቅም።

በረንዳ

አሳጥሬ ልበለው። ሴት ልጅ ትሸጫለሽ። ገዢው ይከፍላል፣ ዕቃው አይከፍልም።

አዌቱ ዳር

ክፉ አፍ አለህ። ግን የሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር እመለስባታለሁ፣ እኔንም እሷ ናት እንቅልፍ የምትነሳኝ።

ቀማሽ

እኔ ሥራዬ ቡና ቅምሻ ነው። እኛ ጆንያው ላይ የተጻፈውን አናምንም። ናሙና እናወጣለን፣ እንቆላለን፣ እንፈጫለን፣ ከዚያ ከአንዱ ናሙና አምስት ስኒ ነው የምናዘጋጀው። ምክንያቱም አራቱ ንጹሕ ሆኖ አምስተኛዋ ላይ ብቻ ብቅ የምትል ጉድለት አለች። እርስዎ ሰውን እንዴት ነው የሚቀምሱት? ደግሞ ሀብታም ሰው ጆንያው ያማረ ነው።

አዌቱ ዳር

ይሄ ነው ጥያቄ!

መጀመሪያ የቀድሞ ሹፌሩን ፈልጌ አገኛለሁ። ያሁኑን አይደለም፣ ያሁኑ እንጀራው ነው አይናገርም። በሁለት ዓመት አራት ሹፌር የቀየረ ሰው ላይ ብዙ አልለፋም። ሹፌር የማይበረክትለት ሰው ሚስትም አትበረክትለትም። ከዚያ የሰፈሩ ሱቅ እሄዳለሁ። ሚሊዮን እያንቀሳቀሰ ለሱቅ የስኳር ዱቤ ዓመት የሚያስቆይ አለ፣ አትገረሙ። ከዚያ የዕድሩ ጸሐፊ። እሱን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ ቀብር ላይ ራሱ ይቆማል ወይስ ቅጣቱን ይልካል? በተለይ የድሃ ቀብር ላይ።

የመጨረሻው ራሴ ያመጣሁት ፈተና ነው። የመጀመሪያውን ቀጠሮ ሆቴል አላደርግም። አጂፕ አካባቢ አንድ ጭማቂ ቤት አለ፣ እዚያ ነው። መኪናህን ቤት ትተህ በባጃጅ ና እላለሁ። ሴቷ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ሳታይ ሰውየውን እንድታይ ነው።

አንዱ፣ 44 ዓመቱ፣ ዝናብ እየጣለ መጣ። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ጫማው ረጥቧል፣ ተናዷል ግን ፈገግ ለማለት ይታገላል። ለባለባጃጁ ባለ 200 ብር ኖት ሰጠው። ልጁ መልስ የለውም። እኛ በረንዳው ላይ ስፕሪሳችን ፊታችን ነው፣ ልጅቷ ገና በማንኪያ ከላይ ከላዩ እየቀመሰች ነው። ሰውየው ዞር ብሎ አየንና «ያዘው ያዘው!» አለ። ከዚያ ገብቶ ተቀመጠ፣ ጨዋታውም ደህና ነበር። እኔ በልቤ ይሄስ ሆነ ብያለሁ።

ማታ ደወለችልኝ። «እትዬ ይቅርብኝ» አለች።

ምነው?

«ያዘው ማለቱ ጥሩ ነው። ግን መጀመሪያ ወደኛ ዞሮ ነው ያለው።»

ይኸው እኔ ሦስት ሰው ጠይቄ ያላገኘሁትን እሷ በአንድ ቃል አገኘችው። ያቺ ናት አምስተኛዋ ስኒ።

ቀማሽ

ያቺን ልጅ ለኛ ላቦራቶሪ ላኩልን።

ፈረንጅ አራዳ

እኔ ሸምገል ያልኩ ስለሆነ ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ። የሀብታም አገናኝ ጅማ ላይ ትናንት የተፈጠረ አይደለም። የጊቤ አምስቱ መንግሥታት፣ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና የኛው ጅማ፣ ቤተ መንግሥቶቻቸው እርስ በርስ ይጋቡ ነበር። ዛሬ ሲዋጉ ነገ ይጋባሉ። በመካከል የሚመላለስ፣ አፉ የሚታመን ሰው ነበር። ጂሬን ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የጎበኛችሁ ያንን የእንጨት ሰገነት አይታችኋል። እኔ እዚያ ስቆም ሁልጊዜ የማስበው ስንት ሽማግሌ ከሥሩ በርጩማ ላይ ተቀምጦ መልስ እንደጠበቀ ነው።

ብቻ የድሮዎቹ በገንዘብ አልነበረም፣ በክብር ነበር።

አዌቱ ዳር

አባባ ክብሩን አልጣልነውም። ግን ያኔም ቢሆን ያ መልእክተኛ ባዶ እጁን የሚመለስ አይመስለኝም። ቢያንስ በቅሎ ሳይሰጠው ይቀራል?

የአጋሮ ልጅ

ስለ ኳስ ተጫዋች ንገሩን እንጂ። 2010 ላይ ጅማ አባ ጅፋር ባደገበት ዓመት ፕሪሚየር ሊጉን ሲበላ እኔ ልጅ ነበርኩ፣ የሰፈራችን ሴቶች ሁሉ ኳስ ማየት ጀምረው ነበር።

አዌቱ ዳር

ልጃገረዶቹ ኳስ ተጫዋች ይወዳሉ፣ አባቶቻቸው አይወዱም። ውሉ ሁለት ዓመት ነው፣ ጉልበቱ ደግሞ ከውሉ ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል። አባት የሚጠይቀኝ «ከኳስ በኋላስ?» ነው። መሬት የገዛ ወይም ሱቅ የከፈተ ተጫዋች ይዤ ስሄድ ብቻ ነው በሩ የሚከፈተው። ታዋቂ ሰው ከሀብታም ይከብዳል። ሀብታም የሚደብቀው ገንዘቡን ነው፣ ታዋቂ ግን የሚደብቀው ስልኩን ነው።

በረንዳ

እመለስበታለሁ ያልሽውን አልተመለስሽም። አንድ ጥያቄ። ለሴቷ ዋሽተሽ ታውቂያለሽ? አዎ ወይም የለም በይ።

አዌቱ ዳር

አዎ።

መዋሸት ሳይሆን ዝም ማለት ነው ብዬ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ፣ ግን ያው ነው።

ሰውየው 52 ዓመቱ ነበር። ፈትቻለሁ አለኝ። ከቀበሌ ያላገባ የሚል ማስረጃም አምጥቶ አሳየኝ፣ ማህተሙ ገና እርጥብ ነው። ሻይ እየጠጣን «ገጠር አንዲት ነበረች፣ ያለቀ ነገር ነው፣ ለልጅቷ ቤተሰብ ማንሳት አያስፈልግም» አለ። እኔም ያለቀ ከሆነ ምን ቸገረኝ አልኩ። ቀብዱን ተቀብያለሁ፣ ጣራ እያስቀየርኩ ነበር፣ ቆርቆሮው ሁሉ ተገዝቷል። ለልጅቷ አልነገርኳትም።

ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንዲት ሴት ፀጉር ቤቱ መጣች። የስድስት ሰባት ዓመት ልጅ ይዛለች። ተሠሪ መስላኝ ወንበር ሰጠኋት፣ ትከሻዋ ላይ ፎጣ ጣል አደረግኩላት። ሻሿን ልፈታ ስል እጄን ያዘችው። «ፀጉር ልሠራ አይደለም የመጣሁት» አለች። «የልጁን አባት የምትድሪው አንቺ ነሽ አሉኝ።» አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ልጁ በመስታወቱ ውስጥ እያየኝ ነው፣ የአፉ አቀማመጥ የሰውየው ነው።

ለሰውየው ቀብዱን መለስኩለት፣ ከወንድሜ ተበድሬ። ለልጅቷ አባት ራሴ ሄጄ ነገርኩ። ኦቦ የሚባሉ የተከበሩ ሰው ናቸው፣ ውሃ አስመጡልኝ፣ ጠጣሁ፣ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። እስከ በር ሸኙኝ። እስከዛሬ መንገድ ላይ ሳያቸው የምሻገረው እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ለደንበኛ መጀመሪያ የምለው ይሄን ነው፣ ለእኔ የነገርከኝን ሁሉ ለእሷ እነግራታለሁ፣ ደብቀኸኝ ካገኘሁት ደግሞ ቀብዱም ሥራውም ቀረ። ከመጡት ውስጥ ግማሹ ይሄን ሲሰማ «እስኪ አስቤበት» ብሎ ይሄዳል። ለካ እስከዛሬ የሚከፍሉኝ እንድፈልግ ብቻ አልነበረም፣ ዝም እንድልም ጭምር ነው።

አንቀጽ

የሕግ ባለሙያ ነኝ፣ ያላገባ ወረቀቱ ላይ ብዙ ሰው ስለሚሳሳት ልግባ። ያ ወረቀት የሚናገረው መዝገብ ላይ ያለውን ብቻ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ነው። ከዚያ በፊት ቤት ውስጥ በሼህ ወይም በሽማግሌ ፊት የታሰረ፣ ከዚያ በኋላም ታስሮ ያልተመዘገበ ስንት አለ። በሃይማኖትም በባህልም የተፈጸመ ጋብቻ ደግሞ በሕግ ጋብቻ ነው። ስለዚህ መዝገቡ ባዶ ሆኖ ሰውየው ባለትዳር ሊሆን ይችላል። ወንጀለኛ መቅጫው አንቀጽ 650 በትዳር ላይ ትዳርን ይከለክላል፣ 651 ደግሞ በሕግ ዕውቅና ባገኘ ሃይማኖት ወይም ባህል የተፈጸመውን ይለያል። ሁሉም የሚጨቃጨቀው እዚያች ልዩነት ላይ ነው።

ሀብታሞች የማይወዱት ሌላም አለ። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992፣ ከጋብቻ በፊት የነበረህ ንብረት የግልህ ነው። ነገር ግን ያ የግል ንብረት ከጋብቻ በኋላ የሚያስገባው ገቢ የጋራ ነው፣ አንቀጽ 62 ላይ አለ። ማለት ማጠቢያ ጣቢያው የሱ ነው፣ ትርፉ የሁለቱ። ይሄ እንዲቀር ከፈለገ በጽሑፍ የጋብቻ ውል ያድርግ፣ ከየወገኑ ሁለት ሁለት ምስክር ይፈርምበት። ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው ጅማ ላይ ውል ከማድረጋችሁ በፊት እሱን የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

አዌቱ ዳር

ይሄን ስነግራቸው ፊታቸው ሲለዋወጥ ማየት ነው። አንዱ «እንግዲያው ፍቅር የታለ?» አለኝ። ቀብድ ከፍሎ ሚስት የሚያስፈልግ ሰው!

ብሩክሊን

ከኒውዮርክ ነው የምጽፈው፣ የጅማ ልጅ ነኝ፣ ቆጪ ነው ያደግኩት። እዚህም ለሚሊየነር ብቻ የሚሠሩ አገናኞች አሉ። በአስር ሺዎች ዶላር የሚጠይቁ አሉ፣ ሚስጥር ጠባቂነት አስፈርመው፣ መርማሪ ቀጥረው ታሪክ አስጠንተው። የኒውዮርክ ሕግ ግን ሰው ለማስተዋወቅ የሚደረግ ውል ከ1,000 ዶላር እንዳይበልጥ፣ ከሁለት ዓመትም እንዳያልፍ ይከለክላል። ካሊፎርኒያ ደግሞ ፈርመህ ሐሳብህን ብትቀይር በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ መሰረዝ ትችላለህ።

ግን ልብ በሉ፣ ሕጉ የሚጠብቀው የከፈለውን ሰው ነው። ብዙዎቹ ዘንድ ከፋዩ ወንዱ ነው፣ ሴቶቹ በነጻ ነው መዝገብ ውስጥ የሚገቡት። እኔን አንዱ በነጻ መዝግቦኝ ነበር። ምንም ስላልከፈልኩ ምንም መጠየቅ የምችል አልመሰለኝም። በረንዳ አፉ ያስጠላል ግን ነገሩን አይቶታል።

በረንዳ

አመሰግናለሁ መሰለኝ።

ስሜን አልጽፍም (አዲስ አባል)

ይሄን ክር ጓደኛዬ ላከችልኝ። እትዬ፣ ማን እንደሆንኩ ሲያነቡ ይገባዎታል።

እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ነው የተመረቅኩት፣ ሥራ አለኝ፣ የማንም ሸክም አይደለሁም። እናቴ ናት እርስዎ ጋ ያመጣችኝ። ደብተርዎ ላይ ሲጽፉ አይቻለሁ። ዕድሜ፣ ቁመት፣ ቤተሰብ፣ «ቀይ ዳማ» ብለው ጻፉ፣ ከዚያ «ዝምተኛ» ብለው አሰመሩበት። ዝምተኛ አይደለሁም፣ የዛን ቀን ነው ዝም ያልኩት።

ሁለቱን ሰዎች አገናኙኝ፣ አልሆነም፣ ምንም አይደል። ሦስተኛው ጊዜ ግን የሰውየው እህት ልደት ላይ ጠራችኝ። ሄድኩ። አንድ ጠረጴዛ ላይ አራት ሴቶች አስቀመጡን፣ አንተዋወቅም። አራታችንም አዲስ ልብስ ለብሰናል። ሰውየው በሩ ጋ ቆሞ ከሰው ጋር ያወራል፣ ያየናል፣ ያወራል። ኬኩ ሲቆረስ አጠገቤ ያለችው ጠጋ ብላ «አንቺንም እሷ ናት?» አለችኝ። ማን ብዬ አልጠየቅኩም። ቀና ስል አራታችንም እርስ በርስ እየተያየን ነው። እኔ ያን ያህል አፍሬ አላውቅም። ቁራሿን ኬክ ግን በላሁ፣ ስነሳ የፈራሁ እንዳይመስል።

እዚህ የጻፉት ሁሉ ደስ ይላል። ስለ ባጃጁም ስቄያለሁ። ግን ያንን ቀን አልጻፉትም። ከደብተሩ ላይ ገጼን ያውጡልኝ።

አንቀጽ

መብትሽ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷል፣ ሰው መረጃዬ ይጥፋልኝ ማለት ይችላል።

አዌቱ ዳር

አወቅኩሽ የኔ ልጅ። አዋጅ አያስፈልግሽም።

አራታችሁን አንድ ቀን እንድታስቀምጣችሁ አልነገርኳትም። ለየብቻ ነበር የሰጠኋት። ግን እህቱ ጠዋት ደውላ «ሁሉንም ዛሬ ጠርቻቸዋለሁ፣ ቶሎ እንጨርስ» ብላኛለች። በእጄ ስልክ ነበር፣ አራት ሰው ለመደወል አስር ደቂቃ አይፈጅም። አልደወልኩም። ደንበኛው ትልቅ ነበር። ስለዚህ ደንቡን ከዚያች ከሻሿ ሴት በኋላ አውጥቼ ነው መልሼ የጣስኩት፣ ከላይ ስጽፍ ይሄን ዘለልኩት።

ነገ ከሰዓት ቤት ነኝ። ነይና በገዛ እጅሽ ቅደጂው።

በረንዳ

የሌሎቹ ሦስትስ?

አዌቱ ዳር

ሁለቱ አግብተዋል፣ በሌላ በኩል። ሦስተኛዋ ጋ አሁን ደወልኩ፣ አታነሳም። እደውላለሁ።

የአጋሮ ልጅ

እትዬ እኔ እንኳን ለመቀለድ ነበር የገባሁት። ይሄ ክር ከበደ።

አዌቱ ዳር

ዛሬ መጣች። ዝናብ አበስብሷት ነበር፣ ነጠላዬን ሰጠኋት። ቡና አፈላሁ፣ ሁለተኛውን ሳትጠጣ ደብተሩን ጠየቀች። አውጥቼ ሰጠኋት። ገጿን ራሷ አገኘችው፣ አነበበች፣ «ዝምተኛ» የሚለው ላይ ቆመች። ከዚያ ገለበጠችው። እኔ ለካ ወረቀት ለመቆጠብ በሁለቱም በኩል ነው የምጽፈው፣ ከጀርባዋ አንድ ደንበኛ አለ። ያንን አንብባ ሳቀች፣ ከመጣች የመጀመሪያዋ ነው። «ይሄኛው እንኳን ራሰ በራ ነኝ ብሎ አስጽፏል» አለች። ከነጀርባው ቀደደችው፣ አራት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሦስተኛውን ቡና ጠጥታ ሄደች። ስለ ራሰ በራው ምንም አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

አሁን እሱ ጋ ደውዬ ዝርዝሩን እንደ አዲስ መጠየቅ አለብኝ። ገጼ የት ሄደ ቢለኝ ምን እንደምለው አላውቅም፣ ያው እውነቱን ነው። መብራት ጠፍቷል፣ ስልኬ 4 በመቶ ነው። የቀራችሁ ጥያቄ ካለ ነገ።